ጺቅላግ ከተቃጠለች በኋላ

ልጄ፣ የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ። «እማማ፣ እግዚአብሔር ረስቶኛል፤ እኔም ልተወው ነው» ብለሃል። በስልክ ልመልስልህ አልወደድኩም። ብደውልልህ እኔን ላለማሳዘን «እሺ እማማ» ብለህ ትዘጋዋለህ፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ዛሬ ብትቆጣብኝ እንኳ ቆይተህ ታነበዋለህ።

የደረሰብህን አላሳንሰውም። ጤፉን በብድር ገዝተህ፣ እርሾውን ከእኔ ቤት በጣሳ ወስደህ፣ ምጣዶቹን አንድ በአንድ በጀርባህ ተሸክመህ እንጀራ መጋገር ስትጀምር አይቻለሁ። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ቅዳሜ ማለዳ ሳይረኑ ሲጮህ የዓርቡ ሊጥ በባልዲው ውስጥ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በጦርነቱ ደንበኛህ ተበተነ። አንዳንዱ ከአሽቀሎን ወጥቶ ሆቴል ተቀመጠ፣ አንዳንዱ ከዘመዱ ተጠጋ፣ የቀረውም ከቤቱ አልወጣ አለ። ሊጡ ኮምጥጦ ተደፋ፤ ኪራዩ ግን አልቆመም። ሸሪክህ ድርሻዬን አለ። እጮኛህም ጥቂት ታግሣ ሄደች። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» የሚሉት እንዲህ ያለውን እያዩ ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ኪሳራው አይደለም። ገንዘብ ይሄዳል፣ ይመጣል። ያስጨነቀኝ ለወላጅ እናትህ አለመናገርህ ነው። በየበዓሉ ደውለህ «ሥራው ደህና ነው» ትላታለህ። እሷም ጎንደር ላይ ቡና እያፈላች ለጎረቤት «ልጄ እንጀራ ቤት አለው» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን የተውከውም በዚሁ የተነሣ ይመስለኛል፤ የሚያውቅህ ሰው «ሥራ እንዴት ነው?» እንዳይልህ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሰምተህ አድገሃል፤ ዛሬ በራስህ ላይ ደረሰ።

እስኪ ስለምንኖርበት አገር ትንሽ ልንገርህ። እኔ ያለሁበት አፍሪዳር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ አይሁዶች ያቆሙት ሰፈር ነው። መሐል ላይ የሰዓት ማማ አለ፤ በሮማውያን ዘመን የተቀረጹ ሁለት የእብነ በረድ የሬሳ ሣጥኖችም እዚያው ሰፈር ለእይታ ተቀምጠዋል። ወደ ባሕሩ ስትወርድ ሰው የሚዋኝበት ዳርቻ በደሊላ ስም ይጠራል። ይህች ከተማችን አሽቀሎን መጽሐፍ ቅዱስ አስቀሎና የሚላት፣ ከአምስቱ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዷ ናት። ሶምሶን ሠላሳ ሰው የገደለባት ናት። ብዙ ሰባኪ ሰው ሲወድቅ የሶምሶንን ታሪክ ያነሣለታል፤ ዓይኑ ከጠፋ በኋላም ጠጉሩ እንደገና ማደጉን ያስታውሰዋል። መልካም ነው። እኔ ግን ልቡ ለተሰበረ ሰው ሶምሶንን አላስቀድምም፤ መጨረሻው ቤቱን በራሱና በጠላቶቹ ላይ አፍርሶ መሞት ነውና። አንተ በቁጭት እንድትሞት አልፈልግም፤ እንድትኖር ነው የምፈልገው። ስለዚህ ወደ ዳዊት እወስድሃለሁ።

መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊን ከምዕራፍ 27 ጀምረህ አንብበው። ዳዊት ያን ጊዜ ንጉሥ አይደለም፤ ከሳኦል ሸሽቶ በሰው አገር የሚኖር ስደተኛ ነው። የጌት ንጉሥ አንኩስ ጺቅላግን ሰጠውና ከሰዎቹ ጋር ሰፈረባት። እዚያ ሳለም ሥራው ሁሉ ንጹሕ አልነበረም፤ ለአንኩስ እየዋሸ ነበር የሚኖረው። በኋላ ፍልስጥኤማውያን እስራኤልን ሊወጉ ሲነሡ አብሮ ዘመተ። መኳንንቱ ግን አላመኑትም፤ «ይህ ሰው ይመለስልን» አሉ። ወደ ቤቱ ተሰናብቶ፣ ሦስት ቀን ተጉዞ ሲደርስ ጺቅላግ ዐመድ ሆናለች። አማሌቃውያን አቃጥለዋታል፤ ሚስቶቹንና የሰዎቹን ልጆች ማርከው ወስደዋል። ያን ሁሉ መንገድ አብረውት የመጡት ሰዎቹም ድንጋይ ሊያነሡበት ተማከሩ።

አየህ? ከሥራው ተሰናበተ፣ ቤቱ ተቃጠለ፣ ቤተሰቡ ተወሰደ፣ ወዳጆቹ ዞሩበት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። የአንተንም ቁጠርና ከዚህ አጠገብ አስቀምጠው።

መጀመሪያ ያደረገው ምን ነበር? አለቀሰ። እሱና ሰዎቹ ለማልቀስ አቅም እስኪያጡ ድረስ አለቀሱ ይላል። ጎልያድን የጣለ ጀግና ነው እንዲህ ያለቀሰው። እኛ አገር ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ነውር ይመስለናል፤ ለቅሶ ቤት ካልሆነ እንባ አይፈቀድለትም። አንተም እንባህን አፍነህ አፍነህ ማታ ማታ አረቄ ላይ ታፈሰዋለህ። ልጄ፣ አልቅስ። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል፤ ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። እምነት ያለው ሰው አያለቅስም የሚልህ ካለ መጽሐፉን አላነበበውም።

ቀጥሎ ዳዊት በአምላኩ በእግዚአብሔር ልቡን አጸና። እንዴት እንዳጸና ግን መጽሐፉ አይዘረዝርም። እኔ ይህን ቦታ ስንት ዓመት ሳስበው ኖሬያለሁ። በዚያች ሰዓት የሚያጽናናው ሰው የለም፤ በዙሪያው ያሉት ድንጋይ እያዩ ነው። የቀረው ያለፈውን ማስታወስ ይመስለኛል። በበግ ጠባቂነቱ ከአንበሳና ከድብ ማን አዳነው? ጎልያድ ራሱ የጌት ሰው አልነበረምን? ትናንት ያወጣው አምላክ ዛሬም ያው ነው። አንተም ይህን አድርግ። ደብተር አውጣና እግዚአብሔር ያወጣህን ነገር ሁሉ ጻፈው፤ በልጅነትህ ከታመምከው ሕመም ጀምረህ፣ እዚህ አገር እስከ ገባህበት መንገድ ድረስ። የጠፋብህን ብቻ የምትቆጥር ከሆነ ሒሳቡ ልክ አይመጣም።

እኔ የምጸናበትንም ልንገርህ። በእኛ ሰፈር ብዙ የቆዩ ቤቶች አሉ፤ የቤት ውስጥ መጠለያ ክፍል፣ ማማድ የሚሉት፣ የታዘዘው ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ለተሠሩት ነውና የእኔ ቤት የለውም። ሳይረኑ ሲጮህ አሽቀሎን ላይ ያለን 30 ሰከንድ ነው። ጉልበቴ ወደ ሕዝብ መጠለያው፣ ሚክላት ወደሚሉት፣ አያደርሰኝም። ደረጃው ሥር፣ መስኮት የሌለበት ግድግዳ አለ፤ እዚያ እቆምና አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ረጋ ብዬ ብደግመው ይደርስልኛል፤ ከቸኮልኩ ግን ቃሉ ይጠፋብኛል። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ የቤተ እስራኤል ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው በራሳቸው ይጸልያሉ፣ እኔ በራሴ። ሲያበቃ «እንኳን ተረፍን» ተባብለን ወደየቤታችን እንመለሳለን። ድፍረት ኖሮኝ አይደለም፤ ሳይረኑ እስኪያቆም ድረስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ግን ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታና የምለው ጸሎት አለኝ። አንተም ቦታና ሰዓት ያለው ጸሎት ይኑርህ፤ ሲመችህ ብቻ የምትጸልየው ጸሎት በችግር ቀን አይገኝም።

ከዚያ ዳዊት ምን አደረገ? ወዲያው ፈረስ ጭኖ አልሮጠም። ካህኑን አብያታርን ጠርቶ ኤፉዱን አስመጣና እግዚአብሔርን ጠየቀ፦ ልከተላቸው? እደርስባቸዋለሁ? ሚስቶቹ ተማርከው፣ ሰዎቹ ድንጋይ ይዘው፣ እሱ ግን ጠየቀ። አንተ ይህን ነው የሳትከው ልጄ፤ ልንገርህ። የመጀመሪያው ሥራ ሲዘጋ ማንንም ሳታማክር ሁለተኛ ብድር ወሰድክ፤ ያኛውን በዚህ ልሸፍን ብለህ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ማለት ይህ ነው። ዕዳህን ጸሎት ብቻ አይከፍለውም። ወረቀቶችህን ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስበህ ሒሳብ ለሚያውቅ ታማኝ ሰው አሳይ፤ ማን ምን ያህል እንዳበደረህ፣ የትኛው ወለድ እንዳለው፣ የትኛው አበዳሪ ጊዜ እንደሚሰጥህ በዝርዝር ጻፍ። ቁጥሩን እስክታየው ድረስ በሌሊት እየገዘፈ ይመጣብሃል። ያንን ወረቀት ይዘህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ዛሬ ኤፉድ የለንም፤ ንስሐ አባት ግን አለን።

እንቅልፍ አጥቻለሁም ብለሃል። ሐኪም ጋ ሂድ። ጠበል መጠመቅና ሐኪም መታየት አይጣሉም፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። «መሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ፤ ከእንቅልፌ ልቀስቅሳት ብለህ አትፍራ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ዘሎት ወደሚያልፈው ቦታ እንምጣ። ዳዊት አማሌቃውያንን እያሳደደ ሳለ ሰዎቹ በሜዳ ላይ የወደቀ አንድ ግብፃዊ ልጅ አገኙ። ታሞ ጌታው ጥሎት የሄደ ባሪያ ነው፤ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እህል ውሃ አልቀመሰም። ጊዜው የእሱ አልነበረም፤ ዳዊት የገዛ ሚስቶቹን የሚፈልግ ሰው ነው፤ አልፎት ቢሄድ ማን ይፈርድበት ነበር? ግን ቆሙለት። እንጀራ ሰጡት፣ ውሃ አጠጡት፣ የበለስ ጥፍጥፍና ሁለት የዘቢብ ዘለላ አበሉት። ነፍሱ ስትመለስ ጠላት የት እንደ ሰፈረ መርቶ ያሳያቸው እሱ ነው። ተጥሎ በቀረው ሰው በኩል የተማረኩት ሁሉ ተገኙ።

ልጄ፣ አንተ የራስህ ነገር ከብዶህ የሌላውን ማየት አቁመሃል። አልፈርድብህም፤ የጨነቀው ሰው እንዲህ ይሆናል። ግን ከታችህ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አሉ ብለኸኝ ነበር። ዳቦ ግዛላቸው። ገንዘብ ባይኖርህ ውሃ ተሸክመህ አስገባላቸው። ምጣዶችህ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ከሚቀመጡ አንዱን አውጣና ለሰንበቴው ጋግር። ለሰው የሆነ ነገር ማድረግ የሚችል ሰው ገና አላለቀለትም፤ ይህን በእጅህ ሠርተህ እንድታየው እፈልጋለሁ።

በዚያው ጉዞ ላይ ከስድስት መቶው ሁለት መቶው ቦሦር ወንዝ ላይ ሲደርሱ ደከሙ፤ መሻገር አቃታቸው። ዳዊት ዕቃ ጠብቁ ብሎ ተዋቸው። ሁሉም ነገር ተመልሶ ሲመጣ ከዘማቾቹ መካከል ክፉዎች «አልዘመቱም፣ ምርኮውን አንሰጣቸውም» አሉ። ዳዊት ግን የተዋጋውም ዕቃ የጠበቀውም እኩል ይካፈል ብሎ ሥርዓት አደረገው። አንተ ዘንድሮ ከሁለት መቶዎቹ አንዱ ነህ። በዓል ስታከብር እንደ ቀድሞው ድግስ አትደግስም፣ ለማኅበሩም አታዋጣም። ይህ ከቤተ ክርስቲያን አያስወጣህም። ዕቃ ጠብቅ፤ ወንበር ደርድር፤ ጫማ አስተካክል። ስትበረታ ትሻገራለህ። አንዳንድ ማኅበርተኛ ያዋጣውን ብቻ እየቆጠረ የደከመውን እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለው ሰው ከነዚያ ምርኮ ከከለከሉት ወገን ነው፤ እኔ በፊቱም እናገረዋለሁ።

ወደ መደበቁ ነገር ልመልስህ። ዳዊት ጺቅላግ ላይ ሁለት ቀን እንደ ተቀመጠ የሳኦልና የዮናታን ሞት ተነገረው። ያን ጊዜ የተቀኘው የኀዘን ቅኔ ይህችን የእኛን ከተማ በስም ይጠራታል፤ ወሬው አስቀሎና እንዳይደርስ፣ ጠላት እንዳይደሰትበት ይመኛል። አንተም ይህን ይዘህ «ዳዊትስ ደብቁ ብሎ የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ቀጥለህ አንብበው። ያንኑ ቅኔ የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። ከሚያላግጥበት ሰወረው፣ ለወገኑ ግን በግልጽ ተናገረው። የማይወድህ ሰው ጉዳትህን ባያውቅ አይጎዳህም። እናትህ ግን አስቀሎና አይደለችም።

በዚሁ በአሽቀሎን ያለውን የአበራ መንግሥቱን ቤተሰብ አስብ። አበራ በሴፕቴምበር 2014 ወደ ጋዛ ተሻግሮ ተያዘ፤ ጉዳዩ እስከ ጁላይ 2015 ድረስ ይፋ እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበር። ለዚያን ያህል ወር አንድ ቤት ብቻውን ተሸክሞት ኖረ። ይፋ ከወጣ በኋላ የሚያውቃቸውም የማያውቃቸውም አብሯቸው ቆመ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ልጁ ተመለሰ። ሃይማኖታቸው ከእኛ ቢለይም እናቲቱ ከአሥር ዓመት በላይ ተስፋ ሳትቆርጥ መጠበቋን ሳስብ የራሴን ትንንሽ ማጉረምረም አፍርበታለሁ። እነሱ ዝም ያሉት ተከልክለው ነው። አንተን ማን ከለከለህ?

ስትናገር ግን ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣብሃል። አንደኛው «ኃጢአትህን መርምር» ብሎ የሚጀምር ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በምድር ላይ ሲቀመጡ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ኃጢአትህን አንተና ንስሐ አባትህ ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው መልስ አትስጥ። ሁለተኛው ከፍለህ የምትገዛው ጸሎት ያቀርብልሃል፤ ዕዳህ በሦስት ቀን ይሰረዛል እያለ። ከእሱ ሽሽ። ከተጨነቀ ሰው ገንዘብ የሚለቅም ሰው የእግዚአብሔርን ስም ቢጠራም እውነተኛ አይደለም።

እንዲያ ሲሆን ማንን ልመልከት ካልከኝ፣ ኢየሩሳሌም ያሉትን አባቶቻችንን ተመልከት። በ1838 በከተማይቱ በገባው ወረርሽኝ በዴር ሡልጣን ገዳም የነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት አልቀው፣ መጻሕፍቱም ተቃጥለው ነበር። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ስም ከኢየሩሳሌም የጠፋ የሚመስለው ሰው አይፈረድበትም ነበር። ሌሎች መነኮሳት ግን ከአገር ቤት በእግራቸው እየመጡ ቦታውን ያዙት። ኋላም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን አስጀመሩ። ሳይፈጸም በ1889 መተማ ላይ ወደቁ። ሥራው ግን አብሯቸው አልወደቀም፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተፈጸመ። አንተ ስታስቀድስበት የነበረው ያ ክብ ቤተ መቅደስ ከወረርሽኝ፣ ከቃጠሎና ከንጉሥ ሞት በኋላ የቆመ ነው። የጀመረው አልፈጸመውም፣ የፈጸመውም አልጀመረውም። እግዚአብሔር ሥራውን በአንድ ዓመትና በአንድ ሰው አያስርም፤ አንተ ግን በአንድ ክፉ ዓመት ሕይወትህን ልትፈርድባት ተነሥተሃል።

የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ ታውቀዋለህ፤ ትል ዛፍ ላይ ስትወጣና ስትወድቅ አይቶ መጽናናቱን። ሁሉ ሰው ትሏን ያነሣል። እኔ የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ያሬድ ከትምህርቱ ኮብልሎ ማይ ኪራሕ ደርሶ ነበር። ትሏን አይቶ ወደ ሌላ አገር ሄዶ አዲስ ሕይወት አልጀመረም፤ ወደዚያው ወደገረፈው አጎቱ ወደ ጌዴዎን ተመለሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ያቃተውን ያንኑ ትምህርት እንደገና ከመጀመሪያው ያዘ። ካፈረበት ቤት ደጃፍ ገባ። ይህ ትል ከማየት እጅግ ይከብዳል።

አንተም የምትገባባቸው ደጃፎች አሉህ። የመጀመሪያው የእናትህ ነው። ዛሬ ማታ ደውልላት፤ ቀስ አድርገህ፣ ከሠላምታው ቀጥለህ ንገራት። ታለቅሳለች፤ አብረሃት አልቅስ። «ለምን ደበቅኸኝ?» ትልሃለች እንጂ «ለምን ከሰርክ?» አትልህም፤ እኔ እናት ስለሆንኩ አውቃለሁ። ሁለተኛው የሸሪክህ ነው። ገንዘቡን ዛሬ መክፈል ባትችል እንኳ ስልኩን አንሣለት፤ መቼና በስንት እንደምትከፍል በወረቀት ፈርምለት። ከዕዳው ይልቅ መሸሽህ ነው ያስቆጣው።

ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን መሆኑን አውቃለሁ፤ አሁን በምትሠራበት ቦታ ከወዲሁ ፈቃድ ጠይቅ። የፊታችን ቅዳሜ ሰንበት ሲወጣና አውቶቡስ ሲጀምር መናኸሪያው ላይ እንገናኝ፤ ኢየሩሳሌም ዘመዴ ቤት አድረን ሌሊት ለኪዳኑ እንደርሳለን። ነጠላህን እጠበው። የመሳፈሪያውን እኔ እከፍላለሁ፤ በዚህ ላይ ክርክር አልፈልግም። ሐኪሙን ያገኘህበትን ቀንና ያንን የዕዳ ወረቀት ይዘህልኝ ና፤ በመንገድ ላይ መነጽሬን አድርጌ አብረን እናየዋለን።